የጥቁር ነዳጅ ፈላጩ ዘርአጽዮን

ባለቤቴ ዘርአጽዮን የሰጡትን መጠጥ ሁሉ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ አይቀምስም ነበር። ውሃም ይሁን ሻይ፣ እናቴ የምትቀዳለት አረቄም ይሁን፣ ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ያቀናና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ለማያውቀው ሰው መርዝ የጠረጠረ ይመስላል። ገና እጮኛሞች ሳለን ቤታችን የመጣ ጊዜ እናቴ በዚህ ተቀይማ፣ እሱ ከሄደ በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ እኛን ምን አድርጎ ነው የሚያየን?» ብላኝ ነበር።

ያስለመደው ሥራው ነው። ያኔ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለ የነዳጅ ማከማቻ ተዛወረ። እዚያ በየማለዳው ከታንከሩ ግርጌ በብርጭቆ ማሰሮ ነዳጅ ይቀዳና ውሃ ወይም ቆሻሻ እንዳለበት ለማየት ወደ ፀሐይ ያነሣዋል። ጥርት ያለ ከሆነ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። «እኔ ሳልፈርም አውሮፕላን አይነሣም» ይል ነበር። የተጋነነ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሠፈሩ ሰው ሁሉ አምኖታል፣ እኔም ባሌን በሰው ፊት ማሳነስ ስላልፈለግሁ አላስተባበልኩም።

እንጀራው ከጥሩው ነዳጅ ይሁን እንጂ ፍቅሩ ከጥቁሩ ጋር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ማጣሪያ ገብቶ ሲሞቅ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ ይወጣል፤ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ በየተራቸው ተንነው ይሄዳሉ። ከታች የሚቀረው እንደ ሬንጅ የወፈረ ጥቁር ነገር ነው። ለፋብሪካ ማሞቂያና ለመርከብ ይሆናል፤ ለመኪና ግን አይሆንም። ዘመኑ ደግሞ ነዳጅ በኩፖን የሆነበት፣ መኪና ሁሉ ማደያ ፊት ተሰልፎ የሚውልበት ነበር። ዘርአጽዮን ሰልፍ ባየ ቁጥር ይበሳጫል። «ናፍጣው እኮ አለ» ይላል። «ጥቁሩ ውስጥ ተቀምጦ ነው ያለው። የሚያወጣው ነው የጠፋው።»

የሚያወጣውን ያየው ባኩ ነው። በ1970 ዓ.ም. ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ልከውት፣ ጥቁሩን በኃይለኛ ሙቀት ሰባብሮ ናፍጣና ቤንዚን የሚያደርግ ረጅም የብረት ግንብ አይቶ ተመለሰ። አክሱም ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ሐውልቶቹን ግን እንደዚያ ግንብ ሲያወድስ ሰምቼው አላውቅም። በጫጉላችን ሳምንት ያወራኝ ስለ ግንቡ ነበር። አዲስ ሙሽራ ነኝና ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩት። ይኼ ወሬ ዕድሜ ልኬን እንደሚከተለኝ ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ አስቆመው ነበር።

በ1972 ተጋብተን አብሬው አሰብ ወረድኩ። የደጋ ልጅ ለአሰብ ሙቀት አልተፈጠረም። የመጀመሪያ ልጃችን ዘውዲ እዚያ ተወለደች፤ በሰባተኛ ወሯ ትኩሳት ይዟት በሦስተኛው ቀን ሞተች። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ከሐዘኑ በኋላ ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ገባሁና «ሁለተኛ አሰብን አልረግጥም» አልኩ። ዘርአጽዮን አንድ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፍ ቆይቶ ዝውውር አገኘና ተከተለኝ። የሚወደውን ሥራ ለእኔ ሲል እንደተወ አውቃለሁ። አንድም ቀን ግን አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

ገርጂ ቤት ተከራየን። የዛሬዋን ገርጂ ብቻ የሚያውቅ ሰው አያምነኝም፤ ያኔ ከቤታችን ጀርባ የስንዴ ማሳ ነበር፣ ከማሳው ወዲያ ባሕር ዛፍ። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ቆርቆሮአችን ይንቀጠቀጣል። ዘርአጽዮን ጉርሻውን አፉ ዘንድ አቁሞ ያዳምጥና «የእኔ ነው» ይላል፤ የእሱን ነዳጅ ጭኖ ሄዶ መመለሱ ነው። ጠዋት እሱ በአቋራጭ ወደ ቦሌ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ታይፒስት ስለነበርኩ መሥሪያ ቤቴ ለመድረስ እስከ ጉርድ ሾላ በእግሬ ወጥቼ አውቶቡስ እይዛለሁ። ክረምት ሲሆን መንገዱን ረዘም አድርጎ እስከ አስፋልቱ ይሸኘኛል። ጭቃ የበላውን ጫማ አውልቄ ደህናውን እስክቀይር ድረስ ቦርሳዬን ይዞልኝ ይቆማል፣ የጭቃውንም ጫማ በፌስታል ቋጥሮ ይዞት ይሄዳል። ሰው ይስቅበት ነበር። ያን ጭቃ ዛሬ ስናፍቀው ራሴን እታዘባለሁ።

እናቴን እማማ ዘርፌንም ብቻዋን ከምትሆን ብለን እኛ ዘንድ አመጣናት። የአረቄ ማውጫ ዕቃዬን ካልያዝኩ ንቅንቅ አልልም ብላ ጋኗንም፣ ቧንቧዋንም፣ እንስራዋንም አስጭና መጣች። አርባ ዓመት አረቄ አውጥታለች። ጥንስሱን ጋኑ ውስጥ ትጨምርና ክዳኑና ቧንቧው የሚገናኙበትን ቦታ እንፋሎት እንዳያመልጥ በሊጥ ጥርቅም አድርጋ ታሽገዋለች። አንድ ሕግ ነበራት፤ እሷ ያሸገችውን ሌላ ሰው አይነካም። ጎረቤት እንኳ ጣቱን ሰድዶ ሊጡን ጠቅ ቢያደርግባት ለሳምንት ታኮርፋለች። «ሴት ያሸገችውን መክፈት ጓዳዋን መበርበር ነው» ትላለች።

ዘርአጽዮን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኗ በርጩማ አስጠግቶ ይቀመጣል። እናቴ መጠጥ ፈልጎ ይመስላት ነበር። እሱ ግን የሚያየው ቧንቧውን ነው።

«እማማ ዘርፌ» አላት አንድ ቀን፤ «ግንድ እንዳለ ምድጃ ቢከቱት ይይዛል?»

«እንዴት ብሎ ይይዛል? ይፈለጣል እንጂ።»

«የእኔም ጥቁር ነዳጅ ግንድ ነው። እርስዎ እዚህ ጋን ውስጥ ያለውን ነው ለይተው የሚያወጡት። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መፍለጥ፣ ከዚያ መለየት ነው የምፈልገው።»

«በምን ልትፈልጠው?»

«በሙቀት ነዋ። ከእርስዎ እሳት አምስት እጥፍ በሚበልጥ ሙቀት።»

እናቴ እሳቱን ቆስቆስ አደረገችና «እሳት ሲበላ እንጂ ሲፈልጥ አይቼ አላውቅም» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

የሐሳቡን ጽሑፍ አሥራ አንድ ጊዜ ታይፕ መታሁለት። በምሳ ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤቱን ካርቦን እየሰረቅሁ። መጀመሪያ አርባ ገጽ ነበር፤ የሚያነብ ስላልተገኘ ወደ ሃያ፣ ከዚያ ወደ ስምንት ወረደ። በየመጨረሻው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ያለዚያ ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም ነበር። ጽሑፉ የሚለው ነገር አጭር ነው፤ አገር ውስጥ የሚቀረውን ጥቁር ነዳጅ ፈልጠን ናፍጣ እናድርገው፣ ለሙከራ አንድ ትንሽ ማሽን ይበቃናል። የሚመጣው መልስም ሁልጊዜ አጭር ነው፤ «ሐሳብዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።» የሚመለከተው ክፍል የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በ1977 መጨረሻ ላይ ዘርአጽዮን ወረቀት መረረውና «በዓይናቸው ያዩታል» ብሎ ተነሣ። ጉርድ ሾላ ኑሪ የሚባል በያጅ ወዳጅ ነበረው፤ ነገር የማያበዛ፣ እጁ ግን ወርቅ የሆነ ሰው። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም የብረት ጋን ፈለጉ፤ ኑሪ በላዩ በብሎን የሚታሰር ክዳን አበጀለት፤ ከክዳኑ ቧንቧ አውጥቶ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አሳለፈው። ጥቁሩን ነዳጅ ደግሞ ዘርአጽዮን ከአንድ ፋብሪካ ማሞቂያ ቤት በደብዳቤ ለምኖ በሁለት ጀሪካን አመጣ። ጓሯችን ውስጥ ያን ሁሉ ሲተክሉ የቀበሌው ሰው መጥቶ ምንድነው አለ። የፈቃድ ደብዳቤ መታሁ፤ ይኼ አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያደርግ እናቴ ለእህቷ ተዝካር ደብረ ማርቆስ ሄዳ ነበር። ዘርአጽዮን የእሷን ዘዴ ተከትሎ የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ አሸገው፤ ሊጡን ያቦካሁለት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሊጡ ከሰለ፣ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ዘርአጽዮን እየሮጠ እሳቱን በአሸዋ አፈነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ተማሪ አስረዳኝ። «አየሽ ምንቴ፤ የአረቄ እሳት ሊጡን ያበስለዋል፣ ስለዚህ ይጠብቃል። የእኔ እሳት ግን ያከስለዋል። ጭሱ ከወጣ እሳት ይይዛል፣ ሰው ይጎዳል። ከእንግዲህ ሊጥ የለም።» በሊጡ ፈንታ ቀይ የሸክላ ጭቃ እሳት ከማይበላው የአስቤስቶስ ገመድ ጋር አዘጋጅቶ፣ እናቴ ገና ሳትመለስ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ እንደገና ሞከረ።

ያን ቅዳሜ አልረሳውም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እየተፈራረቅን ማገዶ ስንጨምር ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቧንቧው ጫፍ አንዴ ተፋ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የሻይ መልክ ያለው፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ነው። ዘርአጽዮን በብርጭቆ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው። አመሻሹ ላይ ኑሪ ሦስት ሊትሯን ይዞ ጉርድ ሾላ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። የብየዳ ሞተሩን ናፍጣ አራግፎ የእኛን ሞላበት፣ ቀሰቀሰው። አንገራገረ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሣ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ሠራ። ዘርአጽዮን ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ፤ ኑሪ በዚያችው አሥራ ስምንት ደቂቃ የአንድ ሰው በር በየደ። ሲያበቃ ባሌ መንገድ ዳር ቆሞ ሲስቅ እንባው ወረደ። እኔም እጁን ይዤ ስቄያለሁ። ስንመለስ በስንዴው መሃል በትግርኛ ሲያንጎራጉር ሄደ፤ ቃሉ ባይገባኝም ደስታው ይገባኝ ነበር። በኑሯችን ሁሉ እንደዚያ ቀን ተደስተን አናውቅም።

ወሬው ደረሰና አሥራ አንዱ ደብዳቤ ያላመጣውን መልስ አመጣ። በመስከረም 1978 ከአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ። ኮሚቴ በጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ መጥቶ ሥራውን በዓይኑ ያያል። ሙከራው ከተሳካ «ጓድ ዘርአጽዮን የሙከራ ሥራውን እንዲመሩ ለሦስት ዓመት ወደ አሰብ ይዛወራሉ» ይላል። እሱ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ «አሰብ» የምትለዋን ቃል ካየሁ በኋላ ሌላውን አላነበብኩም። ያኔ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ።

«አንቺ እዚህ ከእማማ ጋር ትቆያለሽ» አለኝ። «በዓመት ሁለቴ እመጣለሁ።»

«ልጁስ? አባቱን በዓመት ሁለቴ ሊያይ ነው?»

«ሦስት ዓመት እኮ ነው።»

«መንገዱ ጦርነት ነው። ሙቀቱን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ዘውዲን እዚያ ትተናት ነው የመጣነው።»

ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ በቀስታ «ምንቴ፣ ይኼንን ሳልሠራ ከቀረሁ ምን ሠራሁ እላለሁ? የሰው አውሮፕላን ነዳጅ ሳይ ኖርኩ ልበል?» አለኝ። አሰብን ለእኔ ሲል አንዴ ትቶልኛል፤ ሁለተኛ ተውልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ሌሊት ሌሊት ሆዴን ይዤ ሙከራው እንዳይሳካ እመኝ ነበር። ይኼንን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቅዳሜ ደረሰ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ከተመለሰች ወር አልፏታል፤ ጓሮው የእሷ እስኪመስል ድረስ ጠርጋ ውሃ ረጭታበታለች። ዘርአጽዮን ጥቁሩን ነዳጅ ጋኑ ውስጥ ጨምሮ ክዳኑን አሰረ። የክዳኑን ዙሪያ የሚያሽግበትን ጭቃ በባልዲ አዘጋጅቶ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ አስቀመጠው። ሊያሽግ ሲል ሰዓቱን አየ። ኮሚቴው ገርጂን አያውቃትም፣ መንገድም ምልክትም የለም፤ ጉርድ ሾላ ቆሞ ካልተቀበላቸው ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ይውላሉ። ኮቱን ለብሶ «መጥቼ አሽገዋለሁ» ብሎኝ ወጣ። ከኑሪ ጋር ሆኖ ሊያመጣቸው ነው።

እኔ ጓዳ ብርጭቆ ሳጥብ ነበር። ወደ ጓሮ ስወጣ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ የክዳኑን ዙሪያ በጤፍ ሊጥ ጥርቅም አድርጋ አሽጋዋለች። እንደ ቀለበት ዙሪያውን ሄዳበታለች፤ በጣቷ አለሳልሳ ጌጥ እንኳ ጨምራበታለች። «እንግዳ መጥቶ ጋኑ ክፍት ሆኖ ቢያየው አያፍርም?» አለችኝ። «ተቻኩሎ ረስቶት ሄደ፤ ወንድ መቼም እንዲህ ነው።»

ባልዲው እዚያው አጠገቧ ነበር፤ የሚቦካ አፈር መስሏት ወደ አጥሩ ገፍታዋለች። ያቺ ደቂቃ የእኔ ነበረች። «እማዬ፣ ሊጥ አይሆንም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሊጡን ለማንሣትና ጭቃውን ለመለሰን ሩብ ሰዓት ይበቃናል። እንደሚከስል አውቃለሁ፤ ሲከስል አይቻለሁ። አሰብን አሰብኩ። የዘውዲን ፊት አሰብኩ። ከዚያ «ጎሽ እማዬ» ብዬ ብርጭቆዎቹን ይዤ ተመለስኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው ጓድ ላጲሶ የሚባል ቁመተ ረጅም፣ ንግግር የሚወድ ሰው ነው። ዘርአጽዮን ቀድሞ ገባና ጋኑን አንድ ጊዜ ዞረው። ሊጡን ማየቱን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እንግዶቹ ቀረበችና «ጋኑን እኔ ነኝ ያሸግሁት፤ አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው» አለች።

ጓድ ላጲሶ ደስ አለው። «ይኸውላችሁ ጓዶች» አለ ወደ ሁለቱ ዞሮ። «የሰፊው ሕዝብ ጥበብና ሳይንስ ሲጋቡ ይኼን ይመስላል። እናታችን በሪፖርታችን ውስጥ ይገባሉ።» እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ዘርአጽዮን ክብሪቱን አወጣ። ከመለኮሱ በፊት ሁላችንንም ወደ አጥሩ አራቀን፤ እኔን ደግሞ ቤት ገብቼ በመስኮት እንዳይ አዘዘኝ። ኑሪንም አሸዋ አዘጋጅ አለው። እኔን ቤት ያስገባኝ እርጉዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ሊጡ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ ጭሱ እሳት ያዘና ጋኑ ዙሪያውን ነደደ። ኑሪና ዘርአጽዮን በአሸዋና በእርጥብ ጆንያ አጠፉት። ማንም አልተጎዳም፤ የጓድ ላጲሶ ሸሚዝ ብቻ ጥላሸት ለበሰ። ከቧንቧው አንዲት ጠብታ አልወጣም።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ምን ሆነ? ምን ሆነ ልጄ?» ትላለች። ዘርአጽዮን ቅንድቡ ተለብልቦ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ብሎኑን በሚገባ አላጠበቅሁትም» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ጓድ ላጲሶ ሸሚዙን እያራገፈ «እንግዲህ ጓድ፣ ብሎን ማጥበቅ የማይችል ሰው ማሽን ሊመራ?» አለው። ዘርአጽዮን አንገቱን ደፋ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ የብሎን ነገር ነው ብላ ታምን ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዴ «ማሸጉስ ደህና ነበር» ትለኝ ነበር።

«ለጊዜው ይቆይ» የሚለው ደብዳቤ በሦስት ሳምንት መጣ። አንብቦ አጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ አንድም ገጽ ታይፕ ምቺልኝ ብሎኝ አያውቅም። ጋኑን ኑሪ ወሰደው። በመጋቢት ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እናቴ ካሳዬ ይባል አለች፣ ተባለ። ዘርአጽዮን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በስንዴው መሃል ሲሄድ፣ አውሮፕላን ሲያሳየው፣ በትግርኛ ሲያጫውተው እያየሁ ደግ አደረግሁ እል ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ማደያ ፊት የተሰለፈ መኪና አይቶ ፊቱን ወደ ሌላ ሲያዞር አያለሁ። ድሮ ይበሳጭ ነበር፤ አሁን አይበሳጭም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔን አይተውት አያውቁም።

ዓመታት ሄዱ። ደርግ ወደቀ፤ አሰብም የሌላ አገር ሆነች። ስንዴው ተነቅሎ ቤት፣ ቤቱ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሆነ። ዘርአጽዮን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየማለዳው ያን ነዳጅ እያየ ፈረመ፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሲሸኙት ሰዓት ሰጡት። እናቴ ሞተች፣ ኑሪም ሞተ። በ2003 ኩላሊቱን ታመመና ሐኪሞቹ ቤት ይቀመጥ አሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ አስቀምጬው እግሩን ቅባት እየቀባሁት ሳለ «ምንቴ» አለኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ እንዳልሄድ። ያን ቅዳሜ ሊጡን አይቼው ነበር።»

የቅባቱን ዕቃ መሬት አስቀመጥኩ።

«ከበር እንደገባሁ ነው ያየሁት። ላነሣው ስል እናትሽ ‹እኔ ነኝ ያሸግሁት› አሉ። ያ ሰውዬም በሰው ፊት አመሰገናቸው። የእናትሽን እጅ ሥራ እንግዳ ፊት ልፋቀው? አላስቻለኝም። እንደማይይዝ እያወቅሁ፣ ምናልባት አንድ ጣሳ እስኪወጣ ይያዝልኝ ብዬ ለኮስኩት።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ እሳቸው እንዳይሰሙ ብዬ። ኋላ አንቺን ፈራሁሽ። አሥራ አንድ ጊዜ ታይፕ መትተሽልኛል፣ በምሳ ሰዓትሽ። ድካምሽን ሁሉ በይሉኝታ አቃጠልኩት። ካሳዬም ቁም ነገር የሠራ አባት በኖረው ነበር።» ትንፋሹ አጠረውና ጥቂት አረፈ። «ይቅር በይኝ።»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ፣ ካንተ በፊት አይቼዋለሁ፣ ሩብ ሰዓት ነበረኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የኔን ጥፋት የራሱ አድርጎ ተሸክሞ፣ ይኸው አሁን በሞት ደጃፍ ሆኖ እኔን ይለምነኛል። ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ይጠብቀኛል። ብነግረው ኖሮ ይቅር ይለኝ ነበር፣ እሱን አውቀዋለሁ። ግን ፈራሁ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ቅባት የነካውን እጄን ስቦ ሳመውና አመሰገነኝ።